ሀፍሷ ያወደሰችው ደሴት

መርካቶ ሸራ ተራ ውስጥ ገመድ የምትሸጠውን ሀፍሷን የማያውቅ ነጋዴ የለም። እንዲህ የታወቀችው ሴት ግን ምን እንደምትፈልግ የሚያውቅላት አንድም ሰው አልነበረም። ዕቃ ልትገዛ አስመጪ ዘንድ ስትሄድ ልቧ የከጀለውን ጥቅል ቀና ብላ አታየውም። ከጎኑ ያለውን፣ ጭራሽ የማትፈልገውን አንስታ ታገላብጣለች፤ «ይሄማ ለብቻው ነው» ትላለች፤ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ትከራከራለች። ሻጩ ይሄንን ሸጥኩላት ብሎ ሲጎመጅ ወደ በሩ መንገድ ትጀምርና፣ እንደዋዛ መለስ ብላ፣ «ያኛውስ እንዲያው ስንት ነው?» ትለዋለች። ያኛው የመጣችበት ነው።

ይህን ያስተማራት ገና በልጅነቷ ከስልጤ አገር አምጥቶ ራጉኤል ቤተክርስቲያን ጀርባ ያሳደጋት አጎቷ ነበር። «መርካቶ ውስጥ የምትፈልጊውን በዓይንሽ ካሳየሽ አለቀልሽ» ይላት ነበር ነፍሱን ይማረውና። እሷም እንደ ጥሩ ተማሪ ትምህርቱን ያዘች። ከሚገባው በላይ ያዘችው፤ ከሱቅ ይዛው ወደ ቤት ገባች።

ባሏ ባህረዲን ከሷ ሱቅ ብዙም በማይርቅ ተራ ብርድ ልብስ ያከፋፍላል። ጭምትና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሚስቱ የጠየቀችውን ሁሉ ግማሹን ይፈቅዳል። ሀፍሷም ይህን ያወቀችው በተጋቡ ሰሞን ስለሆነ፣ ሁልጊዜ የምትፈልገውን እጥፍ አድርጋ ትጠይቀዋለች። ትንሹን ፍሪጅ ስትፈልግ ትልቁን አወደሰች፤ ትንሹ መጣላት። ሳሎኑን ብቻ ማስቀባት ስትፈልግ ቤቱ በሙሉ ይቀባ አለች፤ ሳሎኑ ተቀባላት። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ኖሩ፤ ቢያንስ ሀፍሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በጥር ወር አንድ ምሽት፣ እራት ላይ ነው። ትልቋ ልጃቸው ሱሀይር ልትዳር ነበር። የጠየቃት ሰው የባህረዲን የንግድ ወዳጅ ልጅ፣ ኑሮውን ጅግጅጋ ያደረገ ነጋዴ ነው። ሽማግሌዎቹ የመጨረሻውን ቃል ሊቀበሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷን የሚያገኟት በዓመት በዓል ቢሆን ነው። ስለዚህ ባህረዲን ያልተለመደ ሐሳብ አመጣ። እሁድን ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር አራቱም አብረው ይዋሉ፤ ዝዋይ ሐይቅ ወርደው፣ ጀልባ ይዘው፣ ደሴት አይተው ይመለሱ።

ሀፍሷ ግን ውሃ ትፈራለች። ሰው እባብ እንደሚፈራ ሳይሆን ከዚያ የባሰ ነው። ልጅ ሳለች ከገበያ ሲመለሱ፣ በርበሬ በተጫነች አህያ ላይ ተቀምጣ ወንዝ ስትሻገር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣ። አህያዋን ከነጭነቷ ገለበጣት። እናቷ መቀነቷን ፈትታ ወረወረችላትና እሱን ጨብጣ ወጣች። አህያዋ አልወጣችም። ጆሮዎቿ ብቻ ከውሃው በላይ እየታዩ፣ እየራቁ፣ ጠፉ። ይኸው ሀፍሷ እስከዛሬ ክረምት ላይ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን በታክሲ ስታልፍ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ትይዛለች፤ ተሳፋሪው የምትጸልይ ይመስለዋል። ይህን ለባሏም ሆነ ለልጆቿ ነግራ አታውቅም። ፍርሃትም እንደ ፍላጎት የሚደበቅ ነገር ሆኖባት ነው መሰል፣ ማሳየት አልለመደባትም።

ታናሺቱ ሀስና ስልኳን ከፍታ ማንበብ ጀምራለች። «ደሴቶቹ አምስት ናቸው፤ በአንድ ቀን ሁሉም አይዳረሱም። አንዱን መምረጥ ነው ያለብን። የወፎች ደሴት እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ ከዳር ሆነሽ ወፎቹ ይታዩሻል። ከዚያ ጋሊላ አለ። ቱሉ ጉዶ ደግሞ ከሁሉም ይርቃል፤ ተራራ ነው፣ አናቱ ላይ ጥንታዊ ቤተክርስቲያን አለው። በጀልባ ብዙ ያስኬዳል።»

«እናንተ ዝም በሉ» አለ ባህረዲን። «የምትመርጠው እናታችሁ ናት። ሀፍሷ፣ የቱ ይሁን?»

ሀፍሷ የምትፈልገው ሐይቁ ዳር ተቀምጣ የተጠበሰ ዓሣ በልታ መመለስ ነበር። የግድ ከሆነ ደግሞ የወፎቹ ይሁን፤ ቢገለበጡ እንኳ ዳር ያለ ሰው ያያቸዋል። «የወፎቹ» ብትል ቀላል ነበር። ግን ሀፍሷ ናት። ትንሹን ከጠየቀች ምን ሊቀነስላት ነው? ልማዷ ከአፏ ቀደመ።

«ቱሉ ጉዶ» አለች። «ከተሄደ አይቀር ወደ ሩቁ ነው እንጂ። እንዲያው ውሃው ላይ መዋል እንዴት ደስ ይላል።»

ከዚያም ጠበቀች። ባህረዲን አገጩን ያሻሻል፤ «እሱ እንኳን ይርቃል» ይላል፤ ወደ ወፎቹ ያወርዳታል። ባህረዲን አገጩን አሻሸ። ዓይኖቹ ግን ለየት ብለው አዩዋት።

«እሺ» አለ። «ቱሉ ጉዶ ይሁን።»

ሀስና አጨበጨበች። ሱሀይር እናቷን ቀና ብላ አየቻትና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ሀፍሷ ፈገግ አለች፤ ሆዷ ውስጥ ግን ያቺ አህያ ጆሮዋን አቆመች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፏም ምግቧም ተረበሸ። ከሱቋ ፊት ለፊት የተወጠረው ሰማያዊ ሸራ ነፋስ ሲገባበት እየተነፋ ሲወርድ ማዕበል ይመስላትና ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ደንበኛ የሚለውን ሳትሰማ ሌላ ገመድ ትቆርጣለች። ጎረቤቷ እትዬ እስከዳር ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ፣ የሐይቅ ጠባይ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሀፍሷ እሳቸውንም እንደልማዷ በዙሪያ ጥምጥም መጣችባቸው።

«እትዬ፣ ዓሣ ጠዋት ነው ከሰዓት የሚጣፍጠው?»

«ኧረ ዓሣ መቼም ቢሆን ዓሣ ነው» አሉ እሳቸው፣ ላስቲክ እየጠቀለሉ። «ጠዋት ነው የሚጠመደው። ከሰዓት በኋላማ ነፋሱ ይነሳል፤ አቅሙን የሚያውቅ ጀልባ ውሃ ላይ አይገኝም። ምነው ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው» አለች ሀፍሷ።

ሳይመሽ ሌላ ዘዴ ሞከረች። ነገሩን የበለጠ ካከበደችው ባህረዲን ይሰለቻል ብላ፣ «ቱሉ ጉዶ ቢታደርበት ነበር ጥሩ» አለችው። «ደርሶ መልስ ምን ይሆናል? ካልታደረማ ባይኬድስ?»

«ማደር እንኳን አይመቸንም» አለ ባህረዲን፣ እንደመጸጸት ብሎ። «ግን ማልደን እንነሳለን። ቀኑን ሙሉ እዚያ እንድትቆዪ አደርጋለሁ።» በርህራሄ ነበር የተናገረው። ሀፍሷ በገዛ አፏ ውሃው ላይ የምትቆይበትን ጊዜ አስረዘመች።

ቅዳሜ ሱቅ ስትዘጋ ካላት ሁሉ የጠነከረውን፣ ቀጭኑን የናይለን ገመድ ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከሳምቡሳው ስር አስቀመጠች። ያኔ ያወጣት የእናቷ መቀነት ነው፤ እሷ ደግሞ ከመቀነት የተሻለ ነገር አላት። የምታስበው ስለራሷ አልነበረም። እሷን ውሃው አንዴ ለቋታል። የለቀቃትን ሊቀበል የሚመጣ፣ በሷ ፋንታ ከሁለቱ ልጆቿ አንዷን የሚጠይቅ ይመስላት ነበር።

እሁድ ማልደው ተነሱ። መንገዱ ጥሩ ነበር፤ ጀልባዋ ግን ነዳጅ የላትም ተባለና ነዳጅ እስኪመጣ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ሀፍሷ ዳር ቆማ የወፎቹን ደሴት አየችው። እዚያው ነው፤ ወፎቹ ሲነሱና ሲቀመጡ ይታያሉ። «ያው ወደዚህ ብንሄድስ» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣ። ባህረዲን ግን የሕፃን ያህል ደስ ብሎት የምግቡን ዕቃ ጀልባዋ ላይ ሲጭን አየችና ዋጠችው።

ባለጀልባው ጋሽ ጴጥሮስ የሐይቁ ሰው፣ ደሴት ላይ ተወልደው ደሴት ላይ ያረጁ ናቸው። ዓሣ ዓሣ የሚሸት ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬት አደሏቸው። ሀፍሷ ልጆቿን ግራና ቀኝ አስቀመጠች። ጃኬታቸውን የምታስተካክል መስላ፣ በሰፊው ነጠላዋ ተከልላ፣ ገመዱን በሱሀይር ጃኬት ማሰሪያ አሳልፋ፣ በራሷ ወገብ አዙራ፣ ከሀስና ቀበቶ ጋር ቋጠረችው። የሸራ ተራ ቋጠሮ ነው፤ ጭነት በጎተተው ቁጥር የሚጠብቅ። ከቋጠረችው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተነፈሰች።

ለጊዜው ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር። የወፎቹን ደሴት አለፉ። ጋሊላንም በቀኝ በኩል ትተውት ሄዱ። ሀስና ጉማሬ ይታይ እንደሆነ ትፈልጋለች፤ ባህረዲን ሩቅ የሚታየውን ተራራ እያሳየ፣ «ሀፍሷ፣ ያንቺ ደሴት ያውልሽ» ይላታል። ሀፍሷ የምታየው የጀልባዋን ወለል ብቻ ነው።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ነጠላዋን ገለበጠው፤ ወዲያው ውሃው ቀለሙን ለወጠ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ወደቀች፤ ደግማ ቀና ብላ ወደቀች፤ ሦስተኛው ላይ ውሃ ከፊት ገብቶ ሁሉንም አለበሳቸው። ሀስና ጮኸች። ሀፍሷ ድምጿን አጣች። የወንዙን ጩኸት ሰማች፤ የበርበሬው ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። አሁን ነው፤ አሁን ሊወስዳቸው ነው።

ጋሽ ጴጥሮስ ሞተሩን ቀነስ ሲያደርጉ ነጠላዋ ከገለጠው ወገቧ ላይ ዓይናቸው አረፈ። ፊታቸው ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ገመድ ምንድነው?»

ሀፍሷ ነጠላዋን ወደ ወገቧ ሳበች።

«ልጆቹን አስረሻቸዋል?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ የባሰ ያስፈራውም እሱ ነበር። «ጀልባ ላይ ሰው ከሰው ጋር አይታሰርም። ጃኬቱ ብቻውን ያንሳፍፋቸዋል። ብንገለበጥ ገመዱ ጀልባው ስር ይዟቸው ይገባል። ሦስታችሁንም። ፍቺው፣ ቶሎ።»

ክው አለች። እጇ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ናይለኑ ረጥቧል፤ ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር ልጆቹ ወዲህና ወዲያ ሲሳቡ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ዕድሜ ልኳን ስታስርና ስትፈታ የኖረችውን ሴት ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ያዘችው። ሌላ ውሃ መጥቶ ፊቷን መታት። እሷ ናት ያሰረቻቸው፤ ውሃው አይደለም። ይህ ሲገባት ከአንጀቷ እንደ ልቅሶ ያለ ድምፅ ወጣ። ሱሀይር ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ከእናቷ ጋር ቋጠሮውን መቧጠጥ ያዘች፤ አንዱ ዙር ላላ፣ ሌላው ተከተለ፤ ገመዱ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ባህረዲን ገመዱንም ሚስቱንም አየ። «ሀፍሷ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ውሃውን። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሁሌም።»

ጋሽ ጴጥሮስ አቋረጧቸው። «ነፋሱ እየባሰ ነው የሚሄደው። ወደ ቱሉ ጉዶ ከተሄደ ፊት ለፊት ይመታናል፤ ቀስ ብለን እንደርሳለን። ወይ ደግሞ ወደ ጋሊላ ተመልሰን እስኪበርድ እንጠብቅ። ወስኑ።»

ሁሉም ወደ ሀፍሷ ዞሩ። ምላሷ ከልማዷ ጋር ታገለ፤ ወላሂ፣ እዚያ ማዕበል መሃል እንኳን ሩቁን ልታወድስ ትንሽ ነበር የቀራት።

«ወደ ጋሊላ» አለች። «ቅርቡን ነው የምፈልገው።»

ጀልባዋ ስትዞር ነፋሱ ከጎን መታትና ክፉኛ አዘነበለች። ሀፍሷ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ልጆቿን ማየት ነበረባት። ጋሊላ እስኪደርሱ የቁርዓን አንቀጽ እየጀመረች መጨረሻው ይጠፋባት ነበር። መሬት እንደረገጠች ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ባህረዲን አጠገቧ ተቀመጠ። «ታዲያ ቱሉ ጉዶን ለምን አልሽኝ?» አላት።

«ወደ ወፎቹ እንድታወርደኝ። አንተ ሁልጊዜ ግማሹን ነዋ የምትሰጠኝ።»

ባህረዲን የረጠበ ጫማውን አውልቆ ውሃውን አፈሰሰ። «ስንት ዘመን የጠየቅሽኝን ሁሉ ስቆርጥብሽ ኖርኩ እያልኩ ነበር የማዝነው» አለ። «ዘንድሮ አንድ ነገር እንኳ ሙሉውን ልስጣት ብዬ ነው።» ተነስቶ ነፋሱን ለማየት ወደ ውሃው ዳር ሄደ። ሀፍሷ ጀርባውን እያየች አለቀሰች፤ ያቺን ትንሽ ፍሪጅ ባየ ቁጥር ምን ይሰማው እንደነበር አሁን ገና ማሰቧ ነው።

ሀስና ዛፍ ስር ሄዳ ልብሷን ታሰጣለች። ሱሀይር የረጠበውን ገመድ በክርኗና በመዳፏ መሃል እያመላለሰች ትጠቀልላለች፤ ሱቅ ውስጥ እናቷን እያየች የለመደችው ነው። ወላጆቿ ሲነጋገሩ ሰምታለች፤ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እማ፣ እኔም እንዳንቺ ነው ያደረግኩት።»

«ምኑን?»

«ጅግጅጋን።»

ሀፍሷ የሰማችው ወዲያው አልገባትም። ከዚያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣላት። ልጅቷ ጅግጅጋ ጥሩ ከተማ ነው ያለችው፤ ሰውዬው ጨዋ ነው ያለችው፤ መራቅ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል ያለችው። አንድ ቀን እራት ላይ አምስቴ ያህል ስታወድሰው፣ «ወዳዋለች» ብላ እሺ ያለችው ሀፍሷ ራሷ ናት። ልጅቷ እያወደሰች ትጠብቅ ነበር። እናቷ ራቀብን ብላ እንድትቀንስላት ትጠብቅ ነበር።

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነበር» አለች ሱሀይር። «እምቢ ሳትይ ቀረሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው?» ገመዱን ማዞሩን ተወችው። «ፈራሁ።»

ሀፍሷ ወንዙንም ማዕበሉንም የሚያስንቅ ፍርሃት ያዛት። ነፋሱ ባይነሳ ኖሮ፣ ገመዱ ባይገለጥ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹን ፈገግ ብላ ልትቀበል ነበር። ልጇ ዓይኗ እያየ እየራቀች ልትሄድ ነበር፤ እሷም እልል ልትል።

«እኔን እይኝ» አለቻት። «ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ ንገሪኝ። ምንድነው የምትፈልጊው?»

«አላገባውም። እሱን አልፈልገውም።»

ሀፍሷ ሣሩን ተደግፋ ተነሳች። ቀሚሷ እንደረጠበ ወደ ውሃው ዳር ወረደች። ከዚያ ቀን በፊት ያን ያህል ወደ ሐይቅ ቀርባ አታውቅም። ባህረዲን አጠገብ ስትደርስ ማዕበሉ እግሯን ነካት፤ ሰውነቷ ሸሸ፣ እሷ ግን ቆመች።

«ሱሀይር ጅግጅጋ አትሄድም» አለችው። «ለሽማግሌዎቹ እምቢ በላቸው።»

ባህረዲን ዞሮ አያት። ቃል የሰጠው ለወዳጁ ነው፤ ፊቱ ላይ ታየ። አገጩን ማሻሸት ጀመረ፤ ግን የሆነ ነገር ትዝ አለውና እጁን አወረደ።

«ይሄስ?» አላት። «ሙሉው ነው ወይስ ግማሹ?»

«ሙሉው ነው። የሚቀነስ የለውም።»

ባህረዲን ወደ ልጁ አየ። ሱሀይር የተጠቀለለውን ገመድ አቅፋ ከሩቅ ትመለከታቸው ነበር። «እሺ» አለ። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ነፋሱ የበረደው ወደ አመሻሹ ላይ ነው፤ እሱም ጨርሶ አልበረደም። ጋሽ ጴጥሮስ ካሁን ወዲያ መዘግየት አያዋጣም ብለው ሞተሩን አስነሱ። መመለሻው ያው ውሃ ነው። ሀፍሷ በሁለቱ ልጆቿ መሃል ተቀመጠች፤ ገመዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እጃቸውን ግራና ቀኝ ያዘች።

«ፈርቻለሁ» አለች፣ ጀልባዋ ከዳር ስትነሳ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«እኔም» አለች ሱሀይር፣ እጇንም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።